አዲስ የፕሪዝም መነጽር እንዴት ይለመዳል፦ ለዓይን መንሸዋረርና ለድርብ እይታ የታዘዘ መነጽር አጠቃቀም

ሁለቱ ዓይኖቻቸው እኩል ለማያነጣጥሩ ሰዎች የሚታዘዝ መነጽር ከተራው የንባብ ወይም የርቀት መነጽር የተለየ ጠባይ አለው። ተራው መነጽር ካልተስማማ ነገር ይደበዝዛል። ይሄኛው ግን ጥርት አድርጎ እያሳየም ወለሉን ያጋድላል፣ ደረጃውን ያቀርባል፣ ራስ ያዞራል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ የሚከተው በዚህ የተነሣ ነው። የችግሩ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ አእምሮ ገና አልለመደውም፣ ወይ መነጽሩ ፊት ላይ በትክክል አልተቀመጠም። የመጀመሪያው በትዕግሥት፣ ሁለተኛው በካቻቢቴ ይፈታል። ሦስተኛም አለ፤ ሌንሱ ራሱ ሲሠራ የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ሦስቱን መለየት የዚህ መመሪያ ዋና ጉዳይ ነው።

መመሪያው በሐኪም ወይም በኦፕቶሜትሪስት፣ ማለትም እይታን መርምሮ መነጽር በሚያዝ ባለሙያ፣ ተመርምረው መነጽሩ ለታዘዘላቸው ሰዎች ነው። ድርብ እይታው በድንገት ከጀመረ፣ ወይም የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የሁለቱ ብሌኖች መበላለጥ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንደበት መተሳሰር፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የፊት መደንዘዝ አብሮት ከመጣ፣ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከሆነ፣ ጉዳዩ የመነጽር አይደለም። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሂዱ።

በቅድሚያ፦ ፕሪዝም ምን ይሠራል?

ፕሪዝም አንዱ ጠርዙ ወፍራም፣ ተቃራኒው ቀጭን የሆነ ሌንስ ነው። ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ ወደ ወፍራሙ በኩል ይታጠፋል፤ የምናየው ነገር ግን ወደ ቀጭኑ በኩል የተገፋ ሆኖ ይታየናል። ወፍራሙ ጠርዝ ቤዝ ይባላል። መጠኑ በፕሪዝም ዳዮፕተር ይለካል፦ 1 ፕሪዝም በ1 ሜትር ርቀት ያለን ነገር በ1 ሴንቲ ሜትር ያንሸራትታል። ስለዚህ 6 ፕሪዝም፣ 3 ሜትር ርቆ የተሰቀለን ሰዓት 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፋዋል ማለት ነው።

ዓይን ወደ አፍንጫ ከዞረ ወፍራሙ ጠርዝ ወደ ጆሮ በኩል ይሆናል፤ ቤዝ አውት ነው። ወደ ውጭ ከዞረ ቤዝ ኢን፣ ማለትም ወፍራሙ ወደ አፍንጫ። አንዱ ዓይን ከሌላው ከፍ ካለ ከፍ ባለው ዓይን ላይ ቤዝ ዳውን ይደረጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ፕሪዝም ዓይንን አያቃናም። ምስሉን ወደ ዞረው ዓይን ይወስድለታል እንጂ ዓይኑን ወደ ምስሉ አይጎትተውም። መነጽሩን አድርገው መስታወት ፊት ቢቆሙ ዓይንዎ እንደዞረ ሊያዩት ይችላሉ፤ ነገሩ አንድ ሆኖ ከታየዎት ግን መነጽሩ ሥራውን እየሠራ ነው። መልኩ እንዲስተካከል ብቻ ብሎ ፕሪዝም የጠበቀ ሰው ያዝናል፤ ይህን ሐኪሙ ቀድሞ ቢነግር ጥሩ ነበር።

መነጽሩን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት

በዚህ ደረጃ የሚጠፋው ሩብ ሰዓት በኋላ የሁለት ሳምንት ራስ ምታት ያስቀራል። ማዘዣዎን በእጅዎ ይያዙና የሚከተሉትን ያረጋግጡ።

አንደኛ፣ አቅጣጫው። ማዘዣው ላይ ከፕሪዝሙ ቁጥር አጠገብ ትንሽ የሦስት ማዕዘን ምልክት ወይም ፕሪዝም የሚል ቃል፣ ቀጥሎም የቤዙ አቅጣጫ ይጻፋል። ፕሪዝሙ ብዙ ጊዜ ለሁለቱ ዓይኖች ይከፈላል፤ ይህም ሌንሶቹ በውፍረትም በክብደትም እንዲቀራረቡ ነው። 6 ቤዝ አውት የታዘዘለት ሰው በቀኝ 3 ቤዝ አውት፣ በግራ 3 ቤዝ አውት ተደርጎለት ሲያይ ተቀነሰብኝ ብሎ አይደንግጥ፤ ሁለቱ ይደመራሉ። ለላይና ለታች ሲሆን ግን የሚደመሩት ተቃራኒ ሲሆኑ ነው፦ ቀኝ 2 ቤዝ ዳውን፣ ግራ 2 ቤዝ አፕ አንድ ላይ 4 ይሆናሉ። ሁለቱም በስሕተት ቤዝ ዳውን ሆነው ቢሠሩ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ መነጽሩ ለድርብ እይታው ምንም አይፈይድም፣ የሚታየውን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል እንጂ። ይህ ስሕተት የሚገኘው የሌንስን ቁጥር በሚለካው ማሽን፣ በሌንሶሜትር ነው። ባለሙያው ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ያነበበውን ቁጥርና አቅጣጫ ከማዘዣው ጋር አብሮዎት እንዲያስተያይ ይጠይቁት፤ ጥያቄው ነውር የለውም።

ሁለተኛ፣ ውፍረቱ። መነጽሩን ከላይ ወደ ታች እያዩ የሁለቱን ሌንሶች ጠርዝ ያስተያዩ። ቤዝ አውት ከሆነ በጆሮ በኩል ያለው ጠርዝ ከአፍንጫው ይልቅ መወፈር አለበት። ማይነስ ሌንስ፣ ማለትም ሩቅ ለማይታየው ሰው የሚታዘዘው፣ በተፈጥሮው ጠርዙ ሁሉ ወፍራም ስለሆነ ልዩነቱ ሊደበቅ ይችላል፤ ስለዚህ ይህ ፍተሻ ማሽኑን አይተካም።

ሦስተኛ፣ የብሌኖቹ ርቀት፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ፒዲ። ለፕሪዝም መነጽር ከአፍንጫ መካከል እስከ ቀኝ ብሌን፣ ከዚያም እስከ ግራ ብሌን ለየብቻ መለካት አለበት። አንዱ ዓይን ዞሮ ሳለ ሁለቱን ባንድ ጊዜ መለካት ለስሕተት ይዳርጋል፤ እያንዳንዱ ዓይን የሚለካው ሌላው ተሸፍኖ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ማንኛውም ቁጥር ያለው ሌንስ ከመካከሉ ውጭ ከታየበት ራሱ ፕሪዝም ይሆናል። የሌንሱን ቁጥር በሴንቲ ሜትር ከተዛነፈበት ርቀት ጋር ያባዙ። 5 ዳዮፕተር ሌንስ በ4 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ 5 ጊዜ 0.4፣ ማንም ያላዘዘው 2 ፕሪዝም ይፈጠራል። የሌንሱ ቁጥር ዜሮ ሆኖ ፕሪዝም ብቻ ያለበት መነጽር ግን ትንሽ ቢንሸራተት ብዙም አይለወጥም።

አራተኛ፣ አቀማመጡ። መነጽሩን ገልብጠው፣ ዘንጎቹን ከፍተው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት። አንዱ ዘንግ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ከቀረና መነጽሩ ሲነካ ከተወዛወዘ ፍሬሙ ተጣሟል። ፊትዎ ላይ ሲሆን ደግሞ ሁለቱም የአፍንጫ ማረፊያዎች እኩል መንካት አለባቸው፤ ሽፋሽፍት ሌንሱን መንካት የለበትም፤ በሌንሱና በዓይን መካከል ያለው ርቀት ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ጎንበስ ብለው ራስዎን ቀስ ብለው ይነቅንቁ። ከተንሸራተተ ዘንጉ ከጆሮ ጀርባ የሚታጠፍበት ቦታ ይስተካከል። ፍሬሙ ተጋድሞ አንዱ ሌንስ ከሌላው 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለና ሌንሶቹ ባለ 5 ከሆኑ 1 የላይና የታች ፕሪዝም ተጨመረ ማለት ነው። ዓይኖቻችን ወደ ጎን ያለን መዛነፍ ብዙ ተጎትተው ይሸፍናሉ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን የአብዛኛው ሰው አቅም ከ2 ወይም ከ3 ፕሪዝም ብዙ አያልፍም። ለዚህ ነው አንድ ፕሪዝም ወደ ጎን ሳይታወቅ የሚያልፈው፣ ወደ ላይ ሲሆን ግን ራስ የሚያሳምመው።

በመጨረሻም ከክፍሉ ማዶ ያለን ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ከ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለን ጽሑፍ ይመልከቱ። አንድ ሆኖ ታየ? ሁለት ከሆነ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው ወይስ አንዱ ከላይ ነው? መልሱን እዚያው ይንገሩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

1. በጠዋት ይጀምሩ። ዓይን ሲነቃ ገና ምንም አልለመደም፤ ማታ ሲደክም መጀመር ግን ከሁሉ የከፋ ነው። መኪና መንዳት፣ መሰላል መውጣት ወይም ስለት ባለው መሣሪያ መሥራት የማይኖርበትን ቀን ይምረጡ።

2. የቀድሞውን መነጽር ከዓይንዎ ያርቁት። ጠዋት አዲሱን፣ ከሰዓት አሮጌውን ማድረግ ልምምዱን በየቀኑ ከዜሮ ያስጀምረዋል። ዓይኖችዎን የሚያሰልፈው የአእምሮ ክፍል የሚለምደው አንድ ዓይነት ምልክት ሲደጋገምለት ነው። አሮጌውን መጣል ግን አያስፈልግም፤ ለቀጣዩ ምርመራ ይፈለጋል።

3. የመጀመሪያዎቹን 15 ወይም 20 ደቂቃዎች ተቀምጠው ራቅ ያለ ነገር ይመልከቱ። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ይራመዱ። ከዚያም እጅዎን ያሠሩ፦ ብርጭቆ ያንሡ፣ ቁልፍ በር ውስጥ ይክተቱ፣ ዕቃ ይደርድሩ። ፕሪዝሙ በአንድ ዓይን ላይ ብቻ ከሆነ በመጀመሪያው ሙከራ እጅዎ ከብርጭቆው ጎን ሊያልፍ ይችላል። ይህን የሚያርመው ተቀምጦ ማየት ሳይሆን መሥራት ነው፤ እጅ ስቶ ሲያገኝ አእምሮ ይማራል። በዚህ ሰዓት ትኩስ ነገር አይቅዱ።

4. ዓይንዎን ከማዞር ይልቅ ራስዎን ያዙሩ። ፕሪዝም ያለው ሌንስ ትክክለኛውን ሥራ የሚሠራው በመካከሉ ሲያዩበት ነው፤ በጠርዙ ሲያዩ መስመሮች ይጎብጣሉ፣ የቀለም ጠርዝ ይወጣል። ለማንበብ አገጭ ዝቅ ይበል፣ ወደ ጎን ለማየት አንገት ይዙር።

5. ደረጃ ላይ መደገፊያውን ይያዙ። ለመውረድ ዓይንዎን ብቻ ዝቅ አያድርጉ፤ መላ ራስዎን አዘንብለው የሚረግጡትን ደረጃ በሌንሱ መካከል ይዩት። ባይፎካል ወይም ፕሮግረሲቭ ከሆነ ይህ እጥፍ አስፈላጊ ነው፣ የታችኛው ክፍል ለንባብ የተሠራ ስለሆነ እግርዎን ያደበዝዘዋል።

6. ኮምፒውተሩ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ደረጃ ትንሽ ዝቅ ይበል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ይመልከቱ። ስልክን ተኝቶ መመልከት ለዚህ መነጽር ጠላት ነው፤ ሌንሱ ይንሸራተታል፣ ዓይን በጠርዙ ያያል።

7. ካዞረዎት ወይም ካቅለሸለሸዎት ወዲያው አያውልቁት። ይቀመጡ፣ ዓይንዎን የማይንቀሳቀስ የራቀ ነገር ላይ ይትከሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ካልተሻለዎት አውልቀው ዓይንዎን ጨፍነው ግማሽ ሰዓት ይረፉና ይመልሱት።

ቀኑን ሙሉ መልበስ ጨርሶ ካልተቻለ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ለብሶ፣ ከዚያ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት መጨመር ይቻላል። እኛ ግን ሙሉ ቀን ማድረጉን እንመርጣለን፤ በቁርጥራጭ የሚለበስ መነጽር መልመጃው ይረዝማል እንጂ ሕመሙ አያጥርም። መኪና መንዳት የሚቻለው ቀጥ ብለው ሲያዩ ነገሮች ሳይቋረጥ አንድ ሆነው ሲታዩና ርቀት ሲገምቱ እርግጠኛ ሲሆኑ ነው። የሚያክምዎት ሰው መንዳትን ከከለከለ ደግሞ የእርሱ ቃል ይቀድማል።

አብዛኛው ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቀለል ይለዋል፤ ሁለት ሳምንት ለሙሉ ልምምድ የተለመደው ወሰን ነው። ትልቅ ቁጥር ያለው ፕሪዝም፣ የላይና የታች ፕሪዝም፣ ወይም ከፕሮግረሲቭ ሌንስ ጋር የተጣመረ ከሆነ ዘግየት ይላል። ቁምነገሩ በየቀኑ ትንሽ መሻሻሉ ነው። አምስተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀን ጋር አንድ ከሆነ ሁለቱ ሳምንት እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መነጽሩን ወስደው ያስፈትሹት።

እንግዳ የሚሆኑብዎት ነገሮች

ወለሉ ማዘንበሉ፣ ግድግዳው ወደ እርስዎ መታጠፉ፣ ነገሮች ቀርበው አንሰው ወይም ርቀው ሰፍተው መታየታቸው የፕሪዝም ተፈጥሮ ነው። ፕሪዝም በሌንሱ ላይ ሁሉ እኩል አያጥፍም፤ ቀጥ ያለ መስመር በትንሹ የሚጎብጠው በዚህ ነው። ይህ ከመነጽሩ ባይጠፋም አእምሮ ማየቱን ይተወዋል።

ስለ ቀለሙ ግን ትንሽ እንቆይ። ነጭ መስኮት በጥቁር ግድግዳ ላይ ሲያዩ በአንዱ ጠርዝ ሰማያዊ፣ በሌላው ብርቱካንማ መስመር ከታየዎት ሌንሱ ብርሃንን በቀለም እየከፋፈለ ነው። ይህ የሚወሰነው በሌንሱ ዕቃ ነው። የዕቃው መለኪያ አቤ ቁጥር ይባላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀለም መበተኑ ይብሳል። ተራው ፕላስቲክ ሲአር 39 ወደ 58፣ ትራይቬክስ ከ43 እስከ 45፣ ፖሊካርቦኔት 30 ገደማ፣ ብርሃን የማጠፍ መለኪያቸው 1.67 የሆነው ቀጫጭን ሌንሶች ደግሞ 32 አካባቢ ናቸው። እንግዲህ ቀጭንና የሚያምር ሌንስ የመረጠ ሰው በቀለም ይከፍላል። ፕሪዝሙ ከ3 ወይም ከ4 ከበለጠና ቀለሙ ካስቸገረዎት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሌንሱ በሲአር 39 ወይም በትራይቬክስ ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። ትንሽ ይወፍራል፤ ውፍረቱን ግን በጠባብና ዙሪያውን በሚይዝ ፍሬም መሸፈን ይቻላል። ሰፊ ፍሬም ለፕሪዝም ተስማሚ አይደለም፣ ሌንሱ በሰፋ ቁጥር ወፍራሙ ጠርዝ ይበልጥ ይወፍራልና።

ማታ ከመብራት ጎን ሁለተኛ ደብዛዛ መብራት ከታየ ሌንሱ ውስጥ የሚንጸባረቅ ብርሃን ሊሆን ይችላል። ጸረ ነጸብራቅ ሽፋን ይቀንሰዋል።

ሌላው ሰውን የሚያስደነግጠው መነጽሩ ሲወልቅ ድርብ እይታው ከበፊቱ ብሶ መታየቱ ነው። ቀድሞ ዓይኖችዎ ቀኑን ሙሉ በጡንቻ ኃይል ተጎትተው ይሰለፉ ነበር፤ ራስ ምታቱም ከዚያ ይመጣ ነበር። አሁን ፕሪዝሙ ሸክሙን ስለተቀበለ ጡንቻው አርፏል፣ ስለዚህ መነጽሩ ሲነሣ መንሸዋረሩ እንዳለ ይገለጣል። መነጽሩ ዓይኔን አበላሸው የሚለው ወሬ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሆኖም አንዳንድ ሰዎች ፕሪዝሙን ለምደው በየጊዜው ተጨማሪ ይፈልጋሉ፤ ይህን የሚወስነው ቀጣዩ ልኬት ነው።

የሚለጠፈው ፕሪዝም

ፕሪዝሙ ትልቅ ከሆነ ወይም መንሸዋረሩ ገና የሚለዋወጥ ከሆነ ከሌንሱ ውስጥ ከመሥራት ይልቅ ፍሬኔል የሚባል ስስ ፕላስቲክ ይለጠፋል። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንደኛው ገጽ ለስላሳ ሲሆን ሌላው ጥቃቅን ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉት። እስከ 40 ፕሪዝም ድረስ ይገኛል። ጥቅሙ በቀላሉ መለወጡና ክብደት አለመጨመሩ ነው። ጉዳቱ እይታን ማደብዘዙ ነው፤ ቁጥሩ ከ10 ካለፈ በኋላ ደብዛዛነቱ በግልጽ ይታወቃል። ለዚህም ሲባል ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው በአንድ ሌንስ ላይ፣ ያውም ደከም ባለው ወይም በዞረው ዓይን በኩል ነው።

ከተላቀቀ ሙጫ አያስፈልገውም። ሌንሱን በእቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው ስብ እንዳይቀርበት ያለቅልቁ። ለብ ያለ ውኃ ባለው ሳህን ውስጥ መነጽሩንም ፕላስቲኩንም ይክተቱ። ውኃው ውስጥ እንዳሉ ለስላሳውን ገጽ ከሌንሱ የውስጥ ጎን፣ ማለትም ዓይን ወደሚያርፍበት በኩል፣ ያጋጥሙ፤ መስመሮቹ ወደ ዓይን ይዩ። ከውኃው አውጥተው በአውራ ጣት ከመካከል ወደ ዳር እየገፉ የአየር አረፋውን ያስወጡ። በለስላሳ ጨርቅ ይጫኑትና ደህና እስኪደርቅ፣ ሙሉ ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ከማጠብና ከመጥረግ ይታቀቡ። ጥቃቅን አረፋዎች በራሳቸው ይጠፋሉ። በተገላቢጦሽ ወይም በተዞረ አቅጣጫ የተለጠፈ ፍሬኔል ድርብ እይታውን ያብሳል፤ ስለዚህ ገና ተለጥፎ ሳለ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ሲቆሽሽ በለብ ያለ ውኃና በጥቂት ሳሙና፣ በመስመሮቹ አቅጣጫ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። አልኮልና አሴቶን ፈጽሞ አያስነኩት። ሲበጫጭ ወይም ሲደነድን ጊዜው አልፏል፤ ይለወጣል።

ልጆች

ልጅ ዓይኑ ወደ ውስጥ ሲዞር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፕሪዝም ሳይሆን ፕላስ ሌንስ፣ ማለትም መካከሉ ወፍራም የሆነው ሌንስ ነው። ልጁ ነገር አጥርቶ ለማየት ዓይኑን በኃይል ሲያጠብቅ ዓይኑ አብሮ ወደ አፍንጫ ይዞራል፤ ፕላሱ ያንን ሥራ ሲወስድለት ዓይኑ ይቀናል። ችግሩ ልጁ ማጠበቁን ወዲያው ስለማይተው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በመነጽሩ ደብዝዞ ያያል። ከመነጽሩ በላይ አሾልኮ ይመለከታል፣ አውልቆ ይጥላል፣ አላይም ይላል። ቁጥሩ ተሳስቷል ተብሎ መነጽሩ የሚቀርበት ጊዜ ይህ ነው፤ ሳይቸኩሉ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ። ዓይኑ እንዲላላ ለጥቂት ጊዜ የሚደረግ ጠብታ ሊታዘዝ ይችላል።

ለልጅ መነጽሩ ከእንቅልፍ ሲነቃ ይደረጋል፣ ሲተኛ ይወልቃል፤ በመካከል ድርድር የለም። ከፍሬሙ ጋር የሚታሰር ላስቲክ ይጠቅማል። ሌንሱ እንዳይሰበር ፖሊካርቦኔት ወይም ትራይቬክስ ይሁን። ባይፎካል ከታዘዘለት መስመሩ እንደ አዋቂ ከታች አይቀመጥም፤ የብሌኑን የታችኛ ጠርዝ ወይም መካከሉን እስኪቆርጥ ድረስ ከፍ ይላል፣ አለበለዚያ ልጁ ከመስመሩ በላይ እያነበበ የታችኛውን ክፍል አይጠቀምበትም። ሲወልቅ ዓይኑ ከበፊቱ በላይ መዞሩ ወላጅን ያስለቅሳል፤ መነጽሩ ግን አላባሰውም፣ መንሸዋረሩን ይዞት የነበረው መነጽሩ ስለሆነ ነው። ለልጅ ዓይን መሸፈኛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይደረግም፤ ሰነፍ ዓይን የሚባለውን የእይታ መዳከም በተሸፈነው ዓይን ላይ ሊያመጣ ይችላል።

አልሻል ሲል ምክንያቱን መለየት

ከመነጽሩ ጋር አሁንም ሁለት ከታየዎት በቅድሚያ አንድ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑ፣ ከዚያ ሌላውን። አንዱ ዓይን ተሸፍኖም በቀረው ዓይን ብቻ ሁለት ወይም ጥላ ያለው ምስል ከታየ ችግሩ የመሰለፍ አይደለም፤ ፕሪዝምም አይፈውሰውም። የዓይን ሞራ፣ የዓይን ድርቀት ወይም በትክክል ያልታረመ አስቲግማቲዝም (የዓይን የፊት ገጽ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመጉበጥ) ሊሆን ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ማንኛቸውም ሲሸፈኑ ድርቡ ከጠፋ ግን ጉዳዩ የመሰለፍ ነው። መቼ እንደሚመጣ ይያዙ። ለቅርብ ደህና ሆኖ ለሩቅ ብቻ ሁለት ከሆነ፣ ወይም በተቃራኒው፣ አንድ ቁጥር ለሁለቱም አልበቃም ማለት ነው፤ ለንባብና ለርቀት ሁለት የተለያዩ መነጽሮች ሊያስፈልጉ ይችላሉ። ቀጥ ሲሉ አንድ፣ ወደ አንድ ጎን ሲያዩ ብቻ ሁለት ከሆነ የአንድ ጡንቻ መድከም ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለው መንሸዋረር በየአቅጣጫው መጠኑ ስለሚለያይ ፕሪዝሙ የሚሸፍነው ቀጥታ እይታን ነው፣ ቀሪው በአንገት መዞር ይሞላል። ማታ ማታ ብቻ ከሆነ ድካም ሊሆን ይችላል፤ ዕረፍቱን ያብዙ። ከጠዋት ጀምሮ አንዱ ምስል ከላይ ሌላው ከታች ከሆነና የመነጽሩን አንድ ጎን በጣትዎ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርጉት ከተስተካከለ፣ ፍሬሙ መስተካከል አለበት።

መነጽሩ ተፈትሾ ትክክል እስኪሆን ድረስ ወይም ቀጠሮው እስኪደርስ ድርቡ የሚያስቸግር አዋቂ በአንዱ ሌንስ ላይ ከውስጥ በኩል ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ፕላስተር መለጠፍ ይችላል። አንድ ምስል ብቻ ይቀራል፣ የጥልቀት ግምት ግን ይጠፋል፤ ስለዚህ አይነዱ።

ሁለት ሳምንት ሞልቶ ካልተስማማ በቅድሚያ መነጽሩን ወደሠራው ቦታ ይውሰዱት፤ አቅጣጫው፣ መጠኑ፣ መካከሉና አቀማመጡ በሌንሶሜትር ይፈተሽ። ከማዘዣው ጋር ከተስማማ ወደ መረመረዎት ባለሙያ ይመለሱ። ሲሄዱ አዲሱንና የቀድሞውን መነጽር፣ ማዘዣውን፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይያዙ። በአንዲት ወረቀት ላይም ድርቡ ጎን ለጎን ወይም ከላይና ከታች መሆኑን፣ ለሩቅ ወይም ለቅርብ መሆኑን፣ በስንት ሰዓት እንደሚብስና በቀን ስንት ሰዓት እንደለበሱት ይጻፉ። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ምሽት በደንብ ይተኙ፤ ዓይን ሲደክም የሚወሰድ ልኬት ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ካረፈ ዓይን ጋር አይገናኝም። የሚብስብዎት ከሥራ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን ያንን ይናገሩና ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ይጠይቁ።